ሥልጠናህን ትተህ ወደ መጋዘን?

ጥያቄ፦ በጀርመን ሽቱትጋርት አካባቢ ለመኪና ፋብሪካዎች ዕቃ በሚያቀርብ ድርጅት ውስጥ የሜካትሮኒክስ (የመካኒክና የኤሌክትሮኒክስ ጥምር ሙያ) አውስቢልዱንግ፣ ማለትም የሥራ ላይ ሥልጠና፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነኝ። ድርጅቱ የሌሊቱን ፈረቃ አስቀርቷል፤ ቋሚ ሠራተኞቹም ኩርዝአርባይት (ሥራ ሲቀዘቅዝ ሰዓት ተቀንሶ ከቀረው ደመወዝ ከፊሉ የሚተካበት ሥርዓት) ላይ ናቸው። በወር እጄ የሚገባው አንድ ሺህ ዩሮ ገደማ ነው። የአጎቴ ልጅ ሥልጠናውን ትቼ እርሱ ባለበት ሠራተኛ አከራይ ድርጅት በኩል መጋዘን እንድገባ ይወተውተኛል፤ ስድስት ሰባት መቶ ዩሮ ብልጫ አለው። አገር ቤት ታላቅ ወንድሜ በእኔ ተማምኖ ቤት ጀምሯል። የትምህርት ቤቱ ጀርመንኛም ይከብደኛል። የመኪና ሥራ ካበቃለት ምን እጠብቃለሁ? ወይስ አዲስ አበባ ገብቼ ጋራዥ ልክፈት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የተናደድኩት በአንተ ሳይሆን በመካሪህ ነው። ይህን ምክር ሰምተው የወጡ ብዙ ልጆች ቢሮዬ መጥተው ያውቃሉ።

መኪና እንደ ዳቦ በየቀኑ አይገዛም። ኑሮ ሲከብድ ሰው አሮጌውን አስጠግኖ አንድ ሁለት ዓመት ይነዳዋል። አዲሶቹ በየሻጩ ግቢ ሲከማቹ ፋብሪካው ፈረቃ ይቀንሳል፤ በትእዛዝ ልክ የሚያመርት እንደ እናንተ ያለ ድርጅት ደግሞ ወዲያውኑ ይሰማዋል። የጀርመን ኢኮኖሚ እ.ኤ.አ. በ2023 እና በ2024 በተከታታይ ቀንሷል። ፎልክስቫገን በ2024 መጨረሻ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ተስማምቶ እስከ 2030 ድረስ ከ35,000 በላይ የሥራ ቦታዎችን እንደሚቀንስ አስታውቋል፤ የመኪና ዕቃ አምራቹ ዜድ ኤፍም እስከ 14,000 የሚደርስ ቅነሳ አውጇል። ፍርሃትህ ከምንም የመጣ አይደለም። ነገር ግን በፎልክስቫገን ስምምነት ውስጥ አንተን ይበልጥ የሚመለከት ሌላ ቁጥር አለ፤ ኩባንያው ከ2026 ጀምሮ በየዓመቱ የሚቀበላቸውን ሠልጣኞች ከ1,400 ወደ 600 ዝቅ ያደርጋል። ልትጥለው ያሰብከው ወንበር እየተወደደ ነው።

አሁን ወደ አጎትህ ልጅ ልምጣ። በ2009 የጀርመን ኢኮኖሚ ከ5 በመቶ በላይ ሲያሽቆለቁል ፋብሪካዎች ቋሚ ሠራተኞቻቸውን በኩርዝአርባይት ይዘው ቆዩ፤ በዚያ ዓመት ግንቦት ወር ቁጥራቸው ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ነበር። ከቀረባቸው የተጣራ ደመወዝ 60 በመቶው፣ ልጅ ላለው 67 በመቶው ይተካላቸው ነበር። በኪራይ የገቡትን ለማስወጣት ግን ለአከራያቸው ስልክ መደወል ይበቃ ነበር፤ የወጡትም መጀመሪያ እነርሱ ናቸው። ለመሆኑ የአጎትህ ልጅ መጋዘን የሚያከማቸው ምንድን ነው? የመኪና ዕቃ ከሆነ የምትሸሸው ከዚያው ወደዚያው ነው፤ ያውም ያለ ከለላ።

አንተ ግን ዛሬ ከለላ አለህ። የሙከራ ጊዜህ ስላለፈ ድርጅቱ ሥራ ቀዘቀዘብኝ ብሎ ብቻ ውልህን ሊያፈርስ አይችልም። ሠልጣኝ ኩርዝአርባይት ውስጥ የሚገባው ሌላ መንገድ ሲጠፋ ነው፤ ቢገባም ቢያንስ ለ6 ሳምንታት ሙሉ ክፍያውን ያገኛል። ድርጅቱ ቢዘጋ እንኳ የንግድና ኢንዱስትሪ ምክር ቤቱ የሥልጠና አማካሪ ሌላ ድርጅት በመፈለግ ይረዳሃል። የመኖሪያ ፈቃድህን ዓይነት ሳትጽፍልኝ መቅረትህ አሳስቦኛል። በሥልጠናው ምክንያት የተሰጠህ ከሆነ፣ ስታቋርጥ ድርጅቱ ለውጭ ዜጎች ቢሮ የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ጭቅጭቁ ስለ መኖሪያ ፈቃድህ እንጂ ስለ ሰባት መቶ ዩሮ አይሆንም። ምንም ወረቀት ሳትፈርም የቤተ ክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅቶቹን የካሪታስን ወይም የዲያኮኒን የነጻ ምክር ቢሮ ጎብኝ።

ወንድምህን በተመለከተ ደስ የማይልህን ልናገር። የሠልጣኝ ደመወዝህን ሳይጠይቅ መሠረት የጣለ ሰው ቤቱን የጀመረው በራሱ ኃላፊነት ነው። አክብረህ ደውልለትና ቁጥሩን ንገረው፤ ኪራይ ይህን ያህል፣ የትራንስፖርት ይህን ያህል፣ የሚተርፈው ይህ ነው። በየወሩ ልትልክ የምትችለውን ትንሽ ገንዘብ ወስን፣ እስክትመረቅም አትጨምር። ቤቱ ያለ ክዳን ሁለት ክረምት ይቆማል እንጂ አይሰደድም። እናትህ መድኃኒት አጥተው ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እጽፍልህ ነበር። አንተው ግን ከወላጆችህ ቤት ውጭ ስለምትኖር የሥራ ቢሮው የሚሰጠውን የሠልጣኞች ድጎማ ጠይቅ፤ መልሱ በገቢህና በመኖሪያ ሁኔታህ ይወሰናል። አሠሪህን አሳውቀህ ቅዳሜ ሚኒጆብ (ክፍያው በገደብ የተወሰነ ትንሽ የትርፍ ሥራ) መሥራትም ይቻላል።

«የመኪና ሥራ ካበቃለት» ትላለህ። ሜካትሮኒክስ የመኪና ሥራ ብቻ ነው ያለህ ማን ነው? ሞተር፣ ሴንሰርና መቆጣጠሪያ ያለበት ሁሉ ጠጋኝ ይፈልጋል፤ የሆስፒታል ሊፍት፣ የባቡር ጥገና፣ የውኃ ማጣሪያ፣ የቢራ ጠመቃ። እኔ ራሴ ይህን የምክር ሥራ ከመያዜ በፊት የጥገና ኤሌክትሪሺያን ነበርኩ፤ የማምረቻ መስመር በቆመ ቁጥር የሚበዛው የእኛ ሥራ ነበር። ቶዮታ በ2008 ቴክሳስና ኢንዲያና ውስጥ የትላልቅ መኪናዎችን ምርት ለሦስት ወር ያህል ሲያቆም ቋሚ ሠራተኞቹን ሳያሰናብት በሥልጠናና አሠራር በማሻሻል ሥራ አቆይቷቸዋል። ሁሉም አሠሪ ቶዮታ አይደለም፤ ቢሆንም የቆመ ማሽን ለተማሪ የተከፈተ መጽሐፍ ነው፤ በሚሽከረከርበት ጊዜ ማንም አያስነካህም።

ጀርመንኛውን የሥራ ቢሮው ለሠልጣኞች በሚያመቻቸው የነጻ ድጋፍ ትምህርት ያዘው፤ ማመልከት ብቻ ነው። ጋራዡን እርሳው አልልህም፤ ግን ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ የነገውን ጋራዥ የሚከፍተው ይህንኑ ሥልጠና የጨረሰ ሰው ነው።

በዚህ ሳምንት የሠልጣኞች ተወካዩን አግኝና ፈረቃው በተቀነሰበት ወቅት ከጥገና ቡድኑ ጋር እንዲመድቡህ ጠይቅ። በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቅ፤ ምን እንደመለሱልህም ጻፍልኝ።