የኮሪያ ሰላጣ ማጣፈጫ ጨውና ምሬት ለበዛበት

በሶያ ሶስ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ ጨዋማ ማጣፈጫ)፣ በጨውና በወጥ በርበሬ የሠራሽው የኮሪያ ሰላጣ ማጣፈጫ ጨው በዛበት፣ መረረኝም ብለሽ ለጠየቅሽው፦ ጨው የበዛብሽ በሶያ ሶሱ ላይ ጨው ስለጨመርሽበት ነው። ሶያ ሶስ ብቻውን ይበቃል፤ ጨውን እርሺው። መረረኝ ያልሽው ደግሞ ከበርበሬው ነው። የወጥ በርበሬያችን ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድና ሌላም ቅመም ስላለበት ካልበሰለ ይጎመዝዛል። ኮሪያዎቹ የሚያደርጉት ጎቹጋሩ ግን ቅመም የሌለው፣ ፍሬው ወጥቶ ሸካራ ሆኖ የተፈጨ ደረቅ ቃሪያ ነው። ካጣሽ ዛላ በርበሬ ፍሬውን አራግፊና ሳይደቅ ሸክሽኪው። ሚጥሚጣ አትሞክሪ።

ለአንድ ትልቅ ሳህን ሰላጣ እኔ እንዲህ አደርጋለሁ፦

1. 1 ተኩል የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶና 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር ስኳሩ እስኪሟሟ አማስይ።
2. 1 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ደቁሰሽ ከ2 የሻይ ማንኪያ ጎቹጋሩ ጋር ጨምሪና 10 ደቂቃ ተዪው፤ ቃሪያው ይርሳል።
3. በመጨረሻ 1 የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት። ዘይቱ ከቀደመ ስኳሩ በቀላሉ አይሟሟም።

የሰሊጥ ዘይቱ ነገር ወሳኝ ነው። የኮሪያው ከተቆላ ሰሊጥ የተጨመቀ፣ ቡናማና ሽታው የሚያውድ ነው። ያለሽ ነጣ ያለው የጥሬ ሰሊጥ ዘይት ከሆነ አንድ እፍኝ ሰሊጥ በለስላሳ እሳት ቆልተሽ ወቀጥ አድርጊና ነስንሺበት።

አደራ፣ ቅጠሉን አጥበሽ በደንብ አድርቂው፤ ማጣፈጫውንም ማዕድ ሲቀርብ ብቻ ለውሺበት። እኔ አንዴ እንግዳ ሳይመጣ ቀድሜ ለውሼው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቅጠሉ ጠውልጎ፣ ሳህኑ ውሃ ሞልቶ ጠበቀኝ።