በእርሳስ የተከበቡት ቦታዎች

ባለፈው ሰሞን አንዲት ወጣት ቀያሽ፣ «የሳተላይት ምስል እያለልን በጀርመን የሚገኘውን የከሰል አገር፣ የሩር ሸለቆን፣ የድሮ ካርታዎች ለምን እንመረምራለን?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ለብዙ ዓመታት ለማንም ያልተናገርኩትን ጥፋት ቀሰቀሰብኝ።

በወጣትነቴ በጀርመን፣ ቪተን አጠገብ በሚገኝ የቅየሳ ቢሮ እሠራ ነበር። አዲስ የካርታ እትም ሲደርሰን መሳቢያዎቹን እንዳጸዳ ታዘዝኩና ያረጁትን ወረቀቶች ሁሉ፣ ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ፣ አውጥቼ አስወገድኩ። ከእነርሱም መካከል እ.ኤ.አ. ከ1891 እስከ 1912 በተካሄደው የፕሩሲያ (የቀድሞ የጀርመን ግዛት መንግሥት) ቅየሳ መሠረት በ1:25,000 መስፈርት የታተሙ ነበሩ። የታተመው ካርታ በሌሎች መዛግብት ይገኛል፤ በከፍታ መስመሮቹ መካከል የቀደሙ ቀያሾች በእርሳስ ያሰፈሯቸው ትንንሽ ክቦች ግን ሌላ ቅጂ አልነበራቸውም። ክቦቹ ከአካባቢው ገበሬዎች እየተጠየቁ የተመዘገቡ፣ የተደፈኑ የከሰል ጉድጓዶች አፍ መሆናቸውን አንድ አዛውንት ባልደረባዬ የነገሩኝ ወረቀቱ ከጠፋ በኋላ ነው። አልተቆጡኝም፤ ባዶውን መሳቢያ ከፍተው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆሙ።

በሩር ዳርቻ የከሰሉ ንጣፍ እስከ ምድር ገጽ ስለሚደርስ ሰዎች ካርታ ሳይኖር ጀምሮ ቆፍረውታል፤ ወደ ሰሜን ግን ንጣፉ እየጠለቀ ስለሚሄድ ጥልቅ ማዕድን ማውጫዎች ተከፈቱ፣ በኤምሸር ወንዝ አካባቢም ምድሩ ከ20 ሜትር በላይ የሰመጠባቸው ቦታዎች አሉ። የሳተላይት ምስል ዛሬ ያለውን ከፍታ ያሳያል፤ ምን ያህል እንደሰመጠ የሚታወቀው ከአሮጌው እትም ጋር ሲነጻጸር ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2000 በቦኹም ቫተንሻይድ ከአሮጌ ማዕድን ጉድጓድ በላይ ምድሩ ተደርምሶ የመኪና ማቆሚያ ቤቶችን ሲውጥ፣ ቦታው እኔ ከጣልኳቸው ወረቀቶች ውጭ ቢሆንም፣ ሌሊቱን ሙሉ ክቦቹን በዓይነ ኅሊናዬ ስፈልግ አደርኩ።

የዛሬ ወጣቶች ካርታን በጣታችሁ አጉልታችሁ ታልፋላችሁ እንጂ ጠርዙን አታነቡም እላለሁ፤ ሆኖም እኛ ሳምንታት የፈጀብንን ሁለት እትሞችን የማነባበር ሥራ በአንድ ቀን ትጨርሱታላችሁ፣ ወረቀቱን የጣልኩትም እኔ ነኝ። እ.ኤ.አ. ከ1836 እስከ 1850 የተሠሩትን በእጅ የተቀቡ ካርታዎችም ውበታቸው ባያታልላችሁ መልካም ነው፤ የፕሩሲያ የከፍታ መነሻ፣ ማለትም ከፍታ ሁሉ የሚለካበት ዜሮ ደረጃ፣ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1879 ስለሆነ ቁመትን ከእነርሱ ላይ በቀጥታ አትውሰዱ።

ከክቦቹ በእርግጠኝነት የማስታውሰው አንዱን ብቻ ነው፤ እርሱንም ያን ጊዜ ለሚመለከተው ክፍል አስመዝግቤዋለሁ። ሌሎቹን ለማግኘት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሦስት ጊዜ ወደ ሸለቆው ተመልሼ ሄጃለሁ፤ የጠየቅኋቸው ገበሬዎች ግን ስለ ጉድጓዶቹ የሰሙት ነገር የለም።