ያላጠፋችሁትን «አጥፍተናል» አትበሉ፦ አካውንታቸው ለታገደባቸው ወጣት ሻጮች

ውድ ወጣቶች፣

በኦንላይን ገበያ የምትነግዱ ብዙዎቻችሁ ይህን ኢሜይል ታውቁታላችሁ። ጠዋት ስልካችሁን ስትከፍቱ «አካውንትዎ ታግዷል» ይላል። ዕቃዎቻችሁ ከገበያው ወርደዋል። ያልተከፈላችሁ ገንዘብ ተይዟል። ምክንያቱ በአንድ መስመር ተጽፏል፤ እሱም ቢሆን ምን እንዳጠፋችሁ በደንብ አይናገርም። ያጠፋ ሰው ቢያንስ ነገሩ ከየት እንደመጣ ያውቃል። ምንም ያላደረገ ሰው ግን ግራ ይገባዋል። ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በሂሳብ ሥራ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ፣ የሐበሻ ትንንሽ ንግዶችን መዝገብ ስይዝ ኖሬያለሁ። ድሮ ደንበኞቼ ባለ ሱቅና ባለ ሬስቶራንት ነበሩ። ዛሬ ብዙዎቹ የሚሸጡት ከሳሎናቸው ሆነው ነው። አካውንታቸው ሲታገድ ጠበቃ ጋ ከመሄዳቸው በፊት እኔ ጋ ይመጣሉ። ወረቀታቸው ያለው እኔ ዘንድ ነዋ።

የአንዷን ላጫውታችሁ። ነጠላ፣ ጋቢና የአንገት ልብስ ከሽሮ ሜዳ እያስመጣች ትሸጣለች። የሚሸምኑላት የዶርዜ ሸማኔዎች ናቸው። ዕቃዋ ጥሩ ነው፤ እኛም ቤት አለ። ከገና በፊት፣ ገበያው በሚደራበት ሰሞን፣ አካውንቷ ታገደ። መልእክቱ በዕቃዎችሽ ትክክለኛነት ላይ ቅሬታ ቀርቧል ይላል። ባለፉት 365 ቀናት ውስጥ አቅራቢሽ የቆረጠልሽን ኢንቮይስ፣ ማለትም የሽያጭ ሰነድ፣ ላኪ ይላል። ኢንቮይሱ ላይ የአቅራቢው ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ የዕቃው ዓይነትና ብዛት መኖር አለበት።

ሽሮ ሜዳ ያለ ሸማኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ኢንቮይስ አይቆርጥም። ጋቢውን አጣጥፎ ያስረክባል፣ ገንዘቡን ይቀበላል፣ በቃ።

እያለቀሰች መጣች። «ጋሼ፣ አጭበርባሪ ነሽ እኮ ነው ያሉኝ» አለችኝ። ሌሊቱን የጻፈችውን ይግባኝ አሳየችኝ። ረጅም ነው። ስለ እናቷ ሕመም አለበት። ስለ ቤት ኪራይ አለበት። ስለ እግዚአብሔር ፍርድም አለበት። አንዱም ውሸት አይደለም። ግን የተጠየቀችውን ነገር አልመለሰችም።

ይግባኝ የሚያነበው ሰው በቀን ስንት ደብዳቤ እንደሚያልፍበት አስቡት። ቀድሞ የሚያየው ደግሞ ሰው ላይሆን ይችላል። የሚፈልገው ክሱን የሚያፈርስ ወረቀት ነው። ማልቀስ ነውር የለውም፤ አልቅሱ። ለወዳጅ ንገሩ። በመጀመሪያው ቀን ግን ምንም ነገር አትላኩ። ተናዳችሁ የላካችሁት ደብዳቤ ከመዝገባችሁ አይወጣም። ሁለተኛውን ይግባኝ የሚያየው ሰውም የመጀመሪያውን አብሮ ሊያየው ይችላል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። አማዞንን የመሰሉ ትልልቅ ገበያዎች ለይግባኝ የሚፈልጉት የታወቀ ቅርጽ አለ። የችግሩ መነሻ ምንድን ነው? ለማስተካከል ምን አደረጋችሁ? እንዳይደገምስ ምን ታደርጋላችሁ? ላጠፋ ሰው ጥሩ ቅርጽ ነው። ላላጠፋ ሰው ግን ወጥመድ ነው፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ገና ሲጀመር ጥፋተኛ አድርጎ ነው የሚጠይቃችሁ። ዩቲዩብ ላይ ያሉ መካሪዎች ደግሞ «ዝም ብላችሁ ጥፋታችሁን እመኑ፣ ይቅርታ ጠይቁ፣ ይከፈትላችኋል» ይላሉ። ልጅቷም ይህን ሰምታ «አንዳንድ ዕቃዎቼ ትክክለኛ ላይሆኑ ይችላሉ» ብላ ልትጽፍ ነበር።

እንዳትጽፊ አልኳት። በእጅ የተሸመነ ጋቢ የማንንም ብራንድ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ አይደለም። ያላደረጋችሁትን አምናችሁ ብትጽፉ፣ ነገ ሌላ ቅሬታ ሲመጣ «ባለፈውም አምነሻል» ትባላላችሁ። የተያዘ ገንዘብ ለማስለቀቅ ብትከራከሩም በእጃችሁ የጻፋችሁት ወረቀት ይቀርብባችኋል። አካውንት ቢዘጋ ሌላ መተዳደሪያ ይፈለጋል። ስምን ግን በራስ እጅ ማጉደፍ ከባድ ነገር ነው፤ በዚህ ላይ አቋሜን አልቀይርም።

ታዲያ ምን ይጻፍ? መጀመሪያ ገዢዎች የላኩላትን መልእክትና ሪፈንድ (ገንዘብ ይመለስልን ብለው) የጠየቁበትን ምክንያት አንድ በአንድ አየን። እዚያ ውስጥ ተገኘ። አንዲት ገዢ የጥለቱ ቀለም ከፎቶው ይለያል ብላለች። «ትክክለኛው አይደለም» የሚለውን ምርጫ የነካችውም ለዚህ ነው። የገበያው ሥርዓት ይህን አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ብሎ ቆጠረው። ስለዚህ እንዲህ ብለን ጻፍን፦

«ቅሬታ የቀረበበትን ትእዛዝ መርምሬያለሁ። ዕቃው በእጅ የተሸመነ የጥጥ ጋቢ ነው፤ የማንም የንግድ ምልክት የለበትም። አስመስሎ የተሠራ ነው የሚለውን አልቀበልም። ገዢዋ ቅር ያላት የጥለቱ ቀለም ከፎቶው ስለተለየ ነው፤ መልእክቷን አያይዣለሁ። ጋቢዎቹ በእጅ ስለሚሠሩ ጥለታቸው እንደሚለያይ በዕቃው መግለጫ ላይ አልጻፍኩም ነበር። አሁን ጽፌያለሁ። ገንዘቧንም መልሻለሁ።»

ልብ በሉ፤ የእሷ የሆነውን ጉድለት አልደበቀችም። የእሷ ያልሆነውን ደግሞ አልተሸከመችም። ሦስቱም ጥያቄዎች ተመልሰዋል።

የቀረው የኢንቮይሱ ጉዳይ ነበር። ወደ አዲስ አበባ የላከችበትን የባንክ ማስረጃ አወጣን። የካርጎውን ወረቀትና የጉምሩኩን ሰነድ ጨመርን። ሸማኔው ስሙን፣ አድራሻውንና ስልኩን ጽፎ፣ በየትኛው ወር ምን ያህል እንደሸጠላት ዘርዝሮ ፈረመላት። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቀን የተፈረመበት ቀን ነው። ወደኋላ አልተጎተተም። ይህን አጥብቄ የምለው ያለምክንያት አይደለም። በፎቶሾፕ ኢንቮይስ የሚሠራላችሁ ሰው ሞልቷል። እንዳትነኩት። ገበያው አቅራቢው ጋ ደውሎ ሊያጣራ ይችላል። ፎርጅድ የያዘ ንጹሕ ሰው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ንጹሕ አይደለም።

ይህ ሁሉ ተልኮም መልሱ «ማንነትሽን ማረጋገጥ አልቻልንም» የሚል ሆነ። ይኼኛው የብዙ ሐበሻ ችግር ነው። ስሟ ፓስፖርቷ ላይና ባንክ ቤት በተለያየ የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል። «ፀ»ን አንዱ በሁለት ፊደል፣ ሌላው በአንድ ፊደል ጽፎታል። አንዱ ጋ የቤተሰብ ስም የሆነው የአባቷ ስም ነው፤ ሌላው ጋ የአያቷ። ለእኛ አንድ ሰው ናት። ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ሰው ናት። ባንኩ ስሟን እንዲያስተካክል አደረገችና አዲሱን ስቴትመንት፣ የባንክ ሂሳብ መግለጫውን፣ ላከች።

አሜሪካ ያላችሁ ይህን ከአሁኑ ጨርሱት። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 27 ቀን 2023 ጀምሮ ኢንፎርም ኮንሱመርስ አክት የሚባል የፌዴራል ሕግ ሥራ ላይ ነው። በ12 ወር ውስጥ 200 ወይም ከዚያ በላይ አዲስ ዕቃ ሸጦ 5,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ያስገባ ሻጭ የባንክ፣ የግብርና የአድራሻ መረጃውን ለገበያው መስጠት አለበት። ሲጠየቅ ዝም ካለ ገበያው በሕግ ተገዶ ያግደዋል። እንዲህ ያለው ኢሜይል ማስታወቂያ ይመስልና ሳይከፈት ያልፋል። አትለፉት።

አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ከእኛ የተሻለ መብት አላችሁ። ብዙዎቻችሁ አታውቁትም። እስከ እ.ኤ.አ. 2019 ድረስ አማዞን የሻጭን አካውንት ምክንያት ሳይሰጥ ወዲያውኑ መዝጋት የሚያስችለው ውል ነበረው። የጀርመን የውድድር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ምርመራ ከፈተ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ አማዞን ውሉን ለመቀየር ተስማማ፤ ሻጭን ሲያሰናብት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያና ምክንያት ሊሰጥ። ከዚያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 12 ቀን 2020 ጀምሮ በቁጥር 2019/1150 የሚታወቀው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። ገበያው ሲያግዳችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት። አነስተኛ ካልሆነ በቀር የቅሬታ ማስተናገጃም ሊኖረው ይገባል። የኅብረቱ የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ እየተሠራበት ነው። ትልልቆቹ ገበያዎች ቅሬታን ቢያንስ ለስድስት ወር በነፃ እንዲቀበሉ፣ ውሳኔውንም ለማሽን ብቻ እንዳይተዉት ያዛል። ስቶክሆልም ወይም ፍራንክፈርት ሆናችሁ ስትጽፉ እነዚህን ሕጎች በስማቸው ጥቀሱ። «ምክንያቱን በዝርዝር በጽሑፍ ስጡኝ» በሉ። ልመና አይደለም፤ መብት ነው።

አገር ቤት ሆናችሁ በቴሌግራምና በፌስቡክ የምትሸጡም አትዘንጉ። የ2012 ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ፣ ቁጥር 1205፣ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተላከ መልእክትና የተደረገ ውል በሕግ ዋጋ እንዲኖረው አድርጓል። ከገዢ ጋር የተጻጻፋችሁትን አታጥፉ።

በጭንቅ ሰዓት ሁለት ፈተና ይመጣል። አንዱ በሚስት ወይም በወንድም ስም ሌላ አካውንት መክፈት ነው። ገበያው በስልኩ፣ በባንኩና በአድራሻው ያገናኛችኋል። ያኔ የወንድማችሁም ይዘጋል፣ የእናንተም ጉዳይ ያልቅለታል። ሌላው «ውስጥ ሰው አለኝ» የሚል ደላላ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 የአሜሪካ ፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ሲያትል ላይ ስድስት ሰዎችን ከሰሰ። የታገዱ አካውንቶችንና ዕቃዎችን ለማስከፈት ለአማዞን ሠራተኞች ከ100,000 ዶላር በላይ ጉቦ ሰጥተዋል በሚል ነው። ንጹሕ ሰው በእንደዚህ ዓይነት መዝገብ ውስጥ ስሙ እንዲገባ ምን አስገደደው?

ስለ ገንዘቡም ልበል። አማዞን አንድን አካውንት ሲያግድ ገንዘቡን ለ90 ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊይዝ ይችላል፤ ገዢዎች ሪፈንድ ቢጠይቁ ከዚያ ለመክፈል ነው። ስለዚህ የቤት ኪራያችሁን በዚያ ገንዘብ ላይ አትመሥርቱ። ጊዜው ካለፈ በኋላም ካልተለቀቀ በጽሑፍ ጠይቁ። አሁንም እንቢ ካሉ ውላችሁን አውጥታችሁ ስለ አለመግባባት የሚለውን አንቀጽ አንብቡ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ውሎች ከፍርድ ቤት ይልቅ ወደ አርቢትሬሽን፣ ማለትም ወደ ግልግል ዳኝነት፣ ይመራሉ። ገንዘቡ ጠቀም ያለ ከሆነ እዚህ ላይ ጠበቃ ያስፈልጋል።

የልጅቷ አካውንት ተከፈተ፤ ገና ካለፈ በኋላ። ይቅርታ ያላት የለም። ያጣችውን የበዓል ገበያ የካሳት የለም። እኔ ይህን በደል ነው የምለው። ሕግም አንድ ቀን ሊያስተካክለው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ሸማኔዎቿ ጋ ያሳተመችው የደረሰኝ ጥራዝ አለ። ዕቃ ባስረከቡላት ቁጥር ይሞላል፣ ይፈረማል፣ ፎቶው በቴሌግራም ይላክላታል። በየወሩ መጨረሻ ደግሞ የሽያጭ ሪፖርቷንና የገዢዎችን መልእክት አውርዳ በራሷ ኮምፒውተር ታስቀምጣለች። አካውንት ከታገደ በኋላ እነዚህን ማውጣት ላይቻል ይችላል። የእናንተን ዛሬ ማታ አውርዱ።