የቮልስ ሞተር ማሳደግ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ ከአዳማ

የቮልሴን 1200 ሲሲ ሞተር አውርጄ፣ ራሴ ያደስኩትን 1600 እንደገጠምኩላት ከነገርኳችሁ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

«ወንድሜ፣ የኔ የ1965 ሞዴል ናት። 1600 ይገባላታል?»

ይገባል። ሞተሩን ከካምቢዮ ጋር የያዙት አራት ብሎኖች ብቻ ናቸው። ችግሩ ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ጥርሳም የብረት ክብ) ላይ ነው። ያንቺ ባለ 6 ቮልት ከሆነች ቮላኖዋ 109 ጥርስ አለው። የ12 ቮልቱ ግን 130 ጥርስ ነው፣ በመጠንም ይተልቃል። ስለዚህ የካምቢዮው ቤት ከውስጥ ትንሽ መሞረድ አለበት። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው)፣ ባትሪው፣ አምፖሉ ሁሉ ወደ 12 ይቀየራል። ይህን ሳታስቢ ሞተር እንዳትገዢ።

«ፒስተኑን 87 ባደርገውስ? ጉልበት ይጨምራል ይላሉ።»

ይጨምራል፣ ግን አልመክርም። የ1600 ፒስተን 85.5 ሚሊ ሜትር ነው። 87ቱ ሞተሩን ሳያስቆርጥ ስለሚገባ 1641 ሲሲ ይሰጥሃል፤ የሲሊንደሩ ግድግዳ ግን ይሳሳል። ስስ ግድግዳ በሙቀት ቅርጹን ይለውጣል፣ ከዚያ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) በደንብ አይዘጋም፣ ዘይት መብላት ይጀምራል። በአዳማ ፀሐይ ደግሞ ተዉት። በ85.5ቱ ጸንታችሁ በደንብ አሠሩት።

«ሞተሩ አየር እንዲያገኝ ዙሪያውን ያሉትን ላሜራዎች ላውልቃቸው?» (ከሞጆ)

በፍጹም! እባክህ እንዳትነካቸው። ቮልስ ራዲያተር የላትም። ቬንትሌተሩ (ማራገቢያው) ቀዝቃዛ አየር ከላይ ይስባል፣ በሲሊንደሮቹ መካከል ያሳልፋል፣ የጋለውን ወደ ታች ይጥላል። ላሜራውና በዙሪያው ያለው ጎማ የላይኛውን ከታችኛው ይለያሉ። ካወለቅካቸው ሞተሩ ራሱ የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል።

ይህን በራሴ ገንዘብ ተምሬዋለሁ። አንድ ጊዜ ጎማው ደርቆ ተሰባብሮ ነበር። «ለአንድ ጉዞ ምን ይሆናል» ብዬ ያለ እሱ ወደ መተሐራ ወረድኩ። ልደርስ ስል ከኋላ ብረት በመዶሻ እንደሚመታ ድምፅ ሰማሁ። ጠፋች፣ አልነሳም አለች። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ሲፈታ የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ቫልቭ አንገቱ ላይ ተቆርጦ ፒስተኑን በስቶታል። ለምን ሦስተኛው? በድሮዎቹ ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ቆሞ የሚጋርደው እሱን ነው። ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣው የራሱ ቤት ተሠርቶለት ከመንገዱ ወጥቷል። የምትገዙት 1600 ይህ ካለው እሰየው። ከሌለው ፈልጋችሁ ግጠሙለት፤ ብራችሁን ለጌጥ ከምታወጡ ለዚህ ብታወጡ ይሻላል።

«ስታድሰው በጣም የተጨነቅክበት ምን ነበር?»

የክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ወደ ፊትና ወደ ኋላ የመንቀሳቀስ ጨዋታ። ቮላኖው ከታሰረ በኋላ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ሳቡት፣ ግፉት። በእጅ «ቀጭ» የሚል ከተሰማችሁ በዝቷል። ሰዓት የመሰለውን መለኪያ ደግፋችሁ ስታዩ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። የሚስተካከለው በስስ የብረት ቀለበቶች ነው፣ ሁልጊዜ ሦስት ናቸው። እኔ ለሦስቱ ቀለበቶች አንድ ሙሉ ቀን ሰጠሁ። ጨዋታው ሲበዛ ሻፍቱ የሞተሩን ቤት እየቀጠቀጠ ይበላዋል፣ ሲያንስ ይነክሳል። «ይሄ በቂ ነው» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ፣ በትህትና መለኪያውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

«ካርቡሬተሩ አዲስ አበባ ተስተካክሎልኛል። አዳማ ይሠራል?» (ከወንጂ)

ይሠራል፣ ግን ጉዳዩ ቁልቁለቱ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል 1700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ 15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። 50 የሚባለው የ1600 ፈረስ ጉልበት እዚህ 42 ገደማ ቢሆን አትገረም። አዲስ አበባ ከዚህም የሳሳ ስለሆነ እዚያ ለተመጠነ ቤንዚን፣ ወደ መተሐራ ስትወርድ አየሩ ይበዛበታል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል፤ ለቫልቭም ጠላት ነው። ካንዴላውን (እሳት የሚሰጠውን) ፈተህ ጫፉን ተመልከት። ቡና ዓይነት ከሆነ ደህና ነው። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፣ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ በዝቶበታል። ወደ ቆላ የምትመላለስ ከሆነ ትንሽ ወደ መብዛቱ አድላ።

«ሊብሬው ላይስ?»

የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ ተጽፏል። ሞተሩን ከነሕጋዊ ወረቀቱ ግዙ፣ ቁጥሩንም አስቀይሩ። ወረቀት የሌለው ሞተር በነፃም ቢሰጣችሁ ይቅርባችሁ።

«ገጥሜ ጨረስኩ። አሁን ልንዳት?»

መጀመሪያ ፍሬኑን። ለ34 ፈረስ ጉልበት የተሠራ ፍሬን ለ50ው ይበቃል ብላችሁ በፍጥነት መንገዱ ላይ እንዳትሞክሩት። ሸራውን፣ ቱቦውን፣ ዘይቱን አድሱ።

ከዚያ 2.5 ሊትር የሞተር ዘይት፣ ለ500 ኪሎ ሜትር ቀስ ብሎ መንዳት፣ ዘይቱን መቀየር። ዋና የዘይት ፊልትሮ የላትምና በዘይት አትሰስቱ። የቫልቭ ክፍተቱንም እንደገና ለኩ፣ 0.15 ሚሊ ሜትር። የሚለካው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ነው። አዳማ ላይ ይህ ማለት ማታ ያቆማችኋትን፣ ጠዋት ገና ሳትነሳ ማለት ነው።