የ10 ደቂቃዋ ነገር፦ ስለ ማርክስና ስለ ዛሬው ካፒታሊዝም ለጠየቃችሁኝ

ስለ ማርክስና ስለ ዛሬው ካፒታሊዝም የከነከናችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። እናንተም አላሳፈራችሁኝም። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ስድብ ብቻ የሆኑትን ዘልያለሁ፤ ከሁለቱም ወገን ነበሩ። አቋሜን ቀድሜ ልናገር፦ ማርክስ በሽታ በመመርመር ጎበዝ ነው፣ ትንቢቱ ግን ብዙ ጊዜ አልሠመረለትም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ማርክስ ያለው በአጭሩ «ትርፍ ሌብነት ነው፣ ሀብታም ክፉ ነው» አይደል? ለምን ይወሳሰባል?

አይደለም። ሌብነት ቢሆን ኖሮ መፍትሔው ፖሊስ ነበር። የማርክስ እንቆቅልሽ ሌላ ነው። ማንም ማንንም ሳያጭበረብር፣ ሁሉም ዕቃ በዋጋው ተሸጦ፣ ትርፍ ከየት ይመጣል?

አሠሪው የሚገዛው የሠራተኛውን የመሥራት አቅም ነው ይላል። በድሮው የግራ አማርኛ «የሥራ ጉልበት» ይባላል። ዋጋው ሠራተኛው ነገም ተመልሶ እንዲመጣ የሚያስፈልገው ነው፦ ምግቡ፣ ቤቱ፣ የልጆቹ ወጪ። እንበልና በቀን 8 ሰዓት ይሠራል። በ5ቱ ሰዓት የደመወዙን ያህል እሴት ያወጣል። የቀረው 3 ሰዓትስ? ሕግ አልተጣሰም። ውሉ ላይ ሁለቱም ፈርመዋል። የ3ቱ ሰዓት ውጤት ግን የአሠሪው ነው። «ትርፍ እሴት» የሚባለው እሱ ነው።

ክፋትን ካነሣችሁ፣ በ1867 ባሳተመው «ካፒታል» መቅድም ላይ ግለሰቡን ተጠያቂ እንደማያደርግ በግልጽ ጽፏል። አንድ ደግ አሠሪ አስቡ። ደመወዝ ይጨምራል፣ ሰዓት ይቀንሳል። ተፎካካሪው ያንን አላደረገም፤ ስለዚህ ዕቃውን በርካሽ ይሸጣል። ደንበኛ ደግሞ ወደ ርካሹ ነው የሚሄደው። ደጉ ሰውዬ ወይ ይቀየራል ወይ ይዘጋል። የማርክስ ክስ በዚህ ሩጫ ላይ ነው። ይቺን ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ ላይ እንመለስባታለን።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እኔ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ ነው የምውለው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የጥጥ ፋብሪካ ከኔ ሥራ ጋር ምን አገናኘው?

ደቂቃ ያገናኛችኋል።

በእንግሊዝ በ1847 የወጣ ሕግ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የሴቶችንና የወጣቶችን ሥራ በቀን 10 ሰዓት ላይ ገደበው። ሕጉን የማይወዱ ባለፋብሪካዎች ታዲያ ደቂቃ ይቆነጥራሉ። ጠዋት ማሽኑን ከሰዓቱ ቀደም አድርጎ ማስነሣት። ከምሳ ላይ ትንሽ። ማታ መውጫ ላይ ትንሽ። የመንግሥት መርማሪዎች ይህን እየመዘገቡ ሪፖርት ያወጡ ነበር፤ ማርክስም ተቀምጦ አነበባቸው። አንድ የተከበረ ባለፋብሪካ ለመርማሪው ያለውን «ካፒታል» ውስጥ ጠቅሶታል፦ በቀን 10 ደቂቃ ብቻ ጨምሬ እንዳሠራ ብትፈቅድልኝ በዓመት 1000 ፓውንድ ኪሴ ከተትክልኝ ማለት ነው። 10 ደቂቃ ለአንድ ሰው ምንም አይደለችም። በሠራተኛው ብዛትና በዓመቱ ቀናት ስትባዛ ግን ሌላ ናት።

አሁን ወደ 2014 ኑ። አሜሪካ ውስጥ በአማዞን መጋዘኖች የሚሠሩ ሰዎች ሥራ ጨርሰው ሲወጡ ዕቃ አለመያዛቸው እስኪፈተሽ ይሰለፋሉ። እስከ 25 ደቂቃ እንቆማለን፣ ይከፈለን ብለው የቀጠራቸውን የሠራተኛ አቅራቢ ድርጅት ከሰሱ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። 9ኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ አይከፈላችሁም አሉ። ፍተሻው የዋናው ሥራ አካል አይደለም ተባለ። ሌባ አለመሆንህን የምታስመሰክረው በራስህ ሰዓት ነው እንግዲህ።

በስልክ መተግበሪያ የሚሠራውን ሞተረኛ ደግሞ እዩት። ሞተሩን አጥፍቶ ጥግ ይዟል። ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው፤ ባትሪው ወደ ቀይ እየተጠጋ ነው። ዝም ብሎ ይጠብቃል። ይህ ጥበቃ ለኩባንያው ገንዘብ ነው። ደንበኛው እንደጠራ ሰው የሚያገኘው እሱ እዚያ ስለቆመ ነው። የሚከፈለው ግን ስልኩ ሲጮህ ነው። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 በኡበር ላይ ሲፈርድ ካነሣቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር። ሹፌሩ መተግበሪያውን ከፍቶ፣ በተፈቀደለት አካባቢ ሆኖ፣ ጥሪ ለመቀበል ዝግጁ ከሆነ ሥራ ላይ ነው አለ።

አንተስ? ማታ ልትተኛ ስትል «እስቲ ይህቺን አንዴ እያት» የሚል መልእክት ሲመጣ ምን ታደርጋለህ? ፈረንሳይ ከ2017 ጀምሮ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ከሥራ ሰዓት ውጭ ስልክ ስለመዝጋት መብት ከሠራተኛው ጋር እንዲደራደሩ አዛለች። ፋብሪካው ኪስህ ውስጥ ገብቷል፣ ጭቅጭቁ ግን ያው የደቂቃ ጭቅጭቅ ነው።

ጥያቄ፦ የእሴት ምንጭ ጉልበት ነው የሚለው እኮ ሞቷል። ኢኮኖሚክስ ተምሬያለሁ፣ እንደ ታሪክ ካልሆነ ማንም አያስተምረውም።

ለዋጋ ማስያ ከሆነ አልከራከርህም። በነገራችን ላይ ሐሳቡ የማርክስ ፈጠራ አይደለም፤ ከአዳም ስሚዝና ከዴቪድ ሪካርዶ ወርሶ የራሱን ጨመረበት። ከ1870ዎቹ ወዲህ ኢኮኖሚስቶቹ ዋጋን ከገዢው ፍላጎት ጋር አያያዙትና ጉልበት ወደ ዳር ተገፋ። እሴት እንዴት ወደ ገበያ ዋጋ እንደሚቀየር ደግሞ ማርክሲስቶቹ ራሳቸው ከ100 ዓመት በላይ ተጨቃጭቀው አልተስማሙም። ከሂሳቡ ሥር ያለው ጥያቄ ግን አለ። ብዙ ሰው ሆኖ የሠራውን ማነው የሚያካፍለው? አካፋዩን ማን ሾመው? መማሪያ መጽሐፍህ ለዚህ ጥሩ መልስ ካለው ላክልኝ፤ በቅንነት ነው።

ጥያቄ፦ ወዛደሩ እየደኸየ ይሄዳል ብሎ አልነበር? ኑሮ እኮ ተሻሻለ።

እዚህ ላይ ግማሹን ስቷል። በበለጸጉት አገሮች የሠራተኛው ኑሮ ከ1850ዎቹ ጋር አይወዳደርም። ይህን የሚክድ ሰው ካጋጠማችሁ ጊዜ አታባክኑበት። እሱ ራሱም ነገሩን እንደዚያ ድፍን አድርጎ ብቻ አላየውም። በ1865 ለንደን ላይ ለዓለም አቀፉ የሠራተኞች ማኅበር ሲናገር፣ ደመወዝ ማስጨመር ዋጋ ከማናር በቀር ፋይዳ የለውም የሚለውን ሐሳብ ተቃውሞ ተሟግቷል። ይጨመራል፣ ታገሉ ነው ያለው።

ይበልጥ የሚያስማማኝ በሀብታሙና በሠራተኛው መካከል ስላለው ርቀት ያለው ነው። የ2022 የዓለም የሀብት ልዩነት ሪፖርት እንደሚለው ከዓለም ሀብት 76 ከመቶው ከላይ ባሉት 10 ከመቶ ሰዎች እጅ ነው። የታችኛው ግማሽ 2 ከመቶውን ይካፈላል።

ጥያቄ፦ የግራፊክስ ባለሙያ ነኝ። ሁለት ቀን ይፈጅብኝ የነበረውን ሥዕል የሰው ሠራሽ አስተውሎት (AI) ማሽኑ በሁለት ደቂቃ ያመጣዋል። ደንበኞቼ ዋጋ ቀንሺ ይሉኛል። ማርክስ ይህን አይቶት ነበር?

እህቴ፣ ከሁሉም ጥያቄ ያንቺ ነው ያቆየኝ።

በ1857 እና 1858 ለራሱ በጻፋቸው ደብተሮች ውስጥ ስለ ማሽን አንድ እንግዳ ክፍል አለ። ደብተሮቹ እሱ ከሞተ ከ50 ዓመት በላይ ቆይተው ነው ሞስኮ ላይ መታተም የጀመሩት። እዚያ እንዲህ ይላል። ኅብረተሰቡ ያጠራቀመው ዕውቀት እየዋለ እያደረ ማሽን ውስጥ ይገባል። ሀብት በሰው ሰዓት ላይ ያለው ጥገኝነት እየቀነሰ፣ በዚያ ዕውቀት ላይ እየተንጠለጠለ ይሄዳል። ያኔ ሀብትን በሥራ ሰዓት መለካት ትርጉም ያጣል።

ያንቺ ማሽን ከምን ተማረ? ሰው ከሣለው፣ ከጻፈው፣ ካነሣው ፎቶ። ምናልባት ካንቺም ሥራ። የብዙ ሰው ልፋት አንድ ቦታ ተሰበሰበ፣ አጥር ተሠራለት፣ መግቢያው በወር ክፍያ ሆነ። ማርክስ የካፒታሊዝምን አጀማመር ሲተርክ የእንግሊዝ ገበሬዎች የጋራ መሬታቸው እንዴት እንደታጠረባቸው በሰፊው ይጽፋል። ያንን ክፍል ዛሬ ሳነበው ስለ ጥንት የተጻፈ አይመስለኝም።

ማሽን ድካም ይቀንሳል ከተባለ ለምን አላረፍንም? ማርክሲስት ያልነበረው እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ኬንስ በ1930 ከ100 ዓመት በኋላ ሰው በሳምንት 15 ሰዓት ቢሠራ ይበቃዋል ብሎ ገምቶ ነበር። 2030 ሊደርስ ነው። ምርታማነቱ አድጓል፣ 15 ሰዓቷ የለችም። ማርክስን ብትጠይቂው፣ ማሽኑ መጀመሪያውኑ የተገዛው ሠራተኛን ለማሳረፍ አልነበረም ይልሻል፤ ዋጋ ለማውረድ ነው። ሥራሽን በሁለት ደቂቃ ስትጨርሺ የተረፈው ሁለት ቀን ያንቺ አይሆንም። በቅናሽ መልክ ወደ ደንበኛው ይሄዳል። ከሥራ የወጡት ደግሞ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። «የሥራ አጦች ተጠባባቂ ሠራዊት» ይላቸዋል። እነሱን እያየ ሥራ ያለው ሰው ጭማሪ ለመጠየቅ አፉ ይያዛል።

ሁሉም ሰው ሥራ ይፈታል የሚለውን ግን አልቀበልም። ማሽን ሥራ ሲያጠፋም ሲፈጥርም ነው የኖረው። የሚያሳስበኝ የአዲሱ ሥራ ዓይነት ነው። ማሽኑ አበላሽቶ የሣለውን ጣት ሲያርሙ መዋል፣ ያውም በግማሽ ክፍያ፣ ምን ዓይነት ሙያ ነው?

ጥያቄ፦ ካፒታሊዝም ሊወድቅ ነው ከተባለ ስንት ዘመኑ። መቼ ነው ታዲያ?

ማርክስ ራሱ ተሸውዷል። በ1857 የገንዘብ ቀውስ ሲነሣ፣ የጥፋት ውሃው ሳይመጣ ሐሳቤን መልክ ላስይዝ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ እንደሚሠራ ለወዳጁና ለሥራ አጋሩ ለኤንግልስ ጽፎለታል። ቅድም ያልኳችሁ ደብተሮች የዚያ ጥድፊያ ልጆች ናቸው። ውሃው መጣ፣ ሄደ። የ1929 ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ መጣ። 2008 መጣ፤ ትልቁ የአሜሪካ ባንክ ሌማን ብራዘርስ ሲከስር ስንቱ «በቃ፣ አለቀለት» አለ። መንግሥታት ባንኮቹን በሕዝብ ገንዘብ አዳኗቸው፣ ሥርዓቱም ቀጠለ።

ለምን እንደሚቀጥል የሚያስረዳውም ራሱ ማርክስ ነው። በቀውስ ጊዜ ደካማው ይከስራል። ማሽኑና ሕንፃው በርካሽ ይሸጣል። የተረፈው በርካሽ ገዝቶ እንደገና ያተርፋል። በሽታውም መድኃኒቱም አንድ ላይ ነው።

ስለዚህ ቀን ቆርጬ አልሰጥህም። የሚታየኝ ግን ትርፍ እየዋለ እያደረ ወደ ኪራይ መዞሩ ነው። መተግበሪያ የሠራ ልጅ በአፕል መደብር ሲሸጥ አፕል እስከ 30 ከመቶ ይወስዳል። ልጁ በሬውም ሞፈሩም የራሱ ነው፣ መሬቱ የባላባት። ጭሰኛ በሉት። አንዳንድ የግራ ጸሐፊዎች «ቴክኖፊውዳሊዝም» ብለው ካፒታሊዝም አልፏል እስከማለት ደርሰዋል። ስሙ ተጋኗል ባይ ነኝ። ባላባት ከጎረቤቱ ባላባት ለመቅደም በየዓመቱ ቢሊዮኖች አያፈስም፤ እነዚህ ያፈስሳሉ። ሩጫው አልቆመም። ሌሎች ደግሞ ተተኪ ሳያገኝ ለረጅም ጊዜ እየነቀዘ ይቆያል ይላሉ። ደስ አይልም፣ ግን ከሁሉም ይህኛው ያሳምነኛል።

ጥያቄ፦ ተፈጥሮን የማውደም ጉዳይስ? ማርክስ ስለ አካባቢ ምን ያውቃል?

ከሚታሰበው በላይ። ሊቢግ የተባለውን ጀርመናዊ ኬሚስት አንብቦ ስለ አፈር ጽፏል። እህሉ ወደ ከተማ ይሄዳል፣ ከአፈሩ የወሰደው ወደ አፈሩ አይመለስም። አውሮፓም የተራቆተ መሬቷን ለማዳበር ከፔሩ የወፍ ኩስ በመርከብ ታስጭን ነበር። ስለ አየር ንብረት ለውጥ ግን ተናግሯል የሚሉትን አትስሟቸው።

ጥያቄ፦ ሶቪየት ኅብረት በ1991 ፈረሰች። ክርክሩ እዚያ አልተዘጋም? «ያ እውነተኛ ሶሻሊዝም አልነበረም» እንዳትለኝ ብቻ።

አልልህም። ያቺ መልስ እኔንም ሰልችታኛለች። በዚያ ስም ሚሊዮኖች አልቀዋል፤ ማርክስ አላዘዘም ብሎ ዘወር ማለት አይቻልም። አንድ ፓርቲ ሁሉንም ያቅዳል የሚለው ክርክር ለእኔ ተዘግቷል። ማርክስ ራሱ ስለ መጪው ሥርዓት የጻፈው ጥቂት ነው፤ ለወደፊት ወጥ ቤቶች የምግብ አሠራር አልጽፍም ብሎ ቀልዷል። ባዶውን ቦታ ሌሎች ሞሉት።

ያልተዘጋው ሌላ ነው። ሠራተኞች የድርጅታቸው ባለቤት ቢሆኑስ? በስፔን ባስክ አገር በ1956 የተጀመረው ሞንድራጎን የተባለው የኅብረት ሥራ ድርጅቶች ስብስብ እንዲህ ያለ ነው። አባል ሠራተኛው ድምፅ አለው፣ አለቃውን የሚሾመውን ቦርድ ይመርጣል። አሁን ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን የደጉን አሠሪና የውድድሩን ነገር አምጡ። ከውስጡ ትልቁ የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራች ፋጎር ከውድድር ላለመውጣት ፈረንሳይና ፖላንድ ውስጥ ፋብሪካ ያዘ። እዚያ ያሉት ሠራተኞች ግን አባል አልነበሩም፤ ተቀጣሪ ነበሩ። ባለቤት የሆነው ሠራተኛ አሠሪ ሆኖ አረፈው። በ2013 ፋጎር ከሰረ። እንዲያም ሆኖ ማኅበሩ ከባስክ አባላቱ ብዙዎቹን ወደ ሌሎቹ ድርጅቶቹ አዛውሮ ሥራ ሰጣቸው። ይህን ተራ ኩባንያ አያደርገውም። እኔ ከዚህ ታሪክ ሁለቱንም ጫፍ እይዛለሁ።

ጥያቄ፦ ማንበብ ልጀምር ነው። ከየት?

ከ«ካፒታል» 1ኛ ምዕራፍ አትጀምሪ። ስንቱ እዚያ ላይ ቀርቷል። ማርክስም ያውቃል፤ በ1867 ለአንድ ወዳጁ ሲጽፍ ሚስትህ ስለ ሥራ ቀን፣ ስለ ሥራ ክፍፍልና ስለ ማሽን፣ በመጨረሻም ስለ ካፒታል አጀማመር ከሚያወሩት ክፍሎች ትጀምር ብሎታል። በእንግሊዝኛው ትርጉም ስለ ሥራ ቀን ያለው 10ኛው ምዕራፍ ነው። ባለ 10 ደቂቃው ባለፋብሪካም እዚያ አለ።