ሙገሳ የበዛበት ፊልምና ሌሎች ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ስለሚያስተምሩ የሒሳብ መምህር የ20 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም እየሠራሁ ነው። 11 የቀድሞ ተማሪዎቻቸውን አነጋግሬያለሁ። ሁሉም «እንደ አባት ናቸው»፣ «ለዚህ ያበቁኝ እሳቸው ናቸው» ይላሉ። ቆርጬ ቀጥዬ ሳየው ግን ይሰለቻል። ምን ጎደለው?

መልስ፦ መምህሩ ጎድለዋል። ሙገሳ የተናጋሪውን ፍቅር ይነግረናል፤ ሰውየው እንዴት እንደሚያስተምሩ ግን አያሳየንም። ከ11ዱ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ብቻ ይያዙና ካሜራውን ክፍል ውስጥ ያስገቡት። አንድ ክፍለ ጊዜ ከደወል እስከ ደወል ሳያቋርጡ ይቅረጹ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ካሜራውን ትራይፖድ ላይ ሰቅለው ብቻ ይቀመጡ። ልጆቹ እጃቸውን ማውለብለብ ሲሰለቻቸው ሥራዎ ይጀመራል።

የሚጠብቁት ትንሽ ነገር ነው። አንዲት ልጅ ሰሌዳ ላይ ወጥታ 3/4ን እና 2/5ን ስትደምር 5/9 ብላ ጻፈች እንበል። መምህሩ ያጠፉታል? «እንዴት አገኘሽው?» ይላሉ? ወይስ ድምሩ ከ3/4 ማነሱን ራሷ እስክታየው ዝም ብለው ይጠብቃሉ? እንዲህ ያለውን ዝምታ ሲያገኙ ካሜራውን ወደ መምህሩ አያዙሩ፤ የልጅቷ ፊት ላይ ይቆዩ። የእሳቸውን ድምፅ ማይኩ ይይዝልዎታል።

የያዟቸውን ሁለት ወይም ሦስት የቀድሞ ተማሪዎች ደግሞ እንደገና ያነጋግሯቸው። «ምን ዓይነት ሰው ናቸው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ከማወደስ ሌላ ምን ይላል? «ፈተና የወደቅክ ዕለት ምን አሉህ? የት ቆመህ ነበር?» ብለው ይጠይቁ። የእርስዎ ድምፅ ከፊልሙ ስለሚወጣ «አዎ» ብሎ የሚጀምር መልስ አይጠቅምዎትም፤ በሙሉ ዐረፍተ ነገር እንዲመልሱ አስቀድመው ይንገሯቸው። መልሱ አለቀ ሲሉ አምስት ሰከንድ ዝም ይበሉ። ጥሩው ነገር ብዙ ጊዜ ያኔ ነው የሚመጣው።

ጥያቄ፦ የክፍሉ ድምፅ ጉድጓድ ውስጥ እንደተቀረጸ ያስተጋባል። በኤዲቲንግ ይስተካከላል?

መልስ፦ ጥቂት ይቀነስ ይሆናል እንጂ አይጠፋም። ባዶ ግድግዳና ሲሚንቶ ወለል ድምፅን ይመልሳሉ፤ ክፍሉ ጀርባ የቆመ የካሜራ ማይክ ደግሞ ከመምህሩ አፍ ይልቅ ግድግዳውን ይሰማል። ልብስ ላይ የሚቆነጠጥ ገመድ አልባ ማይክ ከአገጭ በታች ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ስንዝር ላይሞላ ማለት ነው፣ ያድርጉ። ሻርፕና ክራቫት ከነካው እየተፋተገ ያንኮሻኩሻል። ሌቭሉን (ድምፁ የሚቀረጽበትን መጠን) ከፍተኛው ድምፅ በመለኪያው ላይ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲደርስ ያስተካክሉ፤ ዜሮን ካለፈ ድምፁ ይበላሻል፤ መምህር ድንገት «ጸጥታ!» ማለቱ አይቀርምና። ለተማሪዎቹ መልስ መካከለኛ ዴስክ ላይ ሁለተኛ መቅረጫ ያስቀምጡ፤ ሲጀምሩ አንዴ ካጨበጨቡ የሁለቱን ድምፅ ማገጣጠም ቀላል ይሆናል። ማንም ሳይናገር የክፍሉን ድምፅ አንድ ደቂቃ መቅረጽም አይርሱ፤ ሲቆርጡ ክፍተቱን የሚሞሉት በእሱ ነው። በእረፍት ሰዓት ማይኩን ያጥፉ። መምህራን ማይክ መልበሳቸውን ረስተው መምህራን ማረፊያ ይገባሉ።

ጥያቄ፦ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳሉ። ካሜራው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ የክፍሉ መብራት ነው። ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ በሆነበት አገር አንዳንድ ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሸተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ያድርጉ። 60 ኸርዝ ከሆነ 30 ፍሬምና 1/60። ስልክ በራሱ ሲሠራ ሸተሩን ስለሚለዋውጥ፣ መቆለፍ በሚያስችል መተግበሪያ ይቅረጹ።

ጥያቄ፦ ሁለት ወላጆች ልጆቻቸው እንዲቀረጹ አልፈቀዱም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አይቅረጿቸው። የትምህርት ቤቱ ፈቃድ የወላጅን አይተካም፤ ወላጅ ፈርሞም ልጁ «አልፈልግም» ካለ ያው ነው። ካሜራው የማያየውን የክፍሉን ጎን አስቀድመው ይምረጡና ከሁለቱ ልጆች ጋር ጓደኞቻቸውንም እዚያ ያስቀምጡ፤ ብቻቸውን ወደ ኋላ ከሄዱ የተቀጡ ይመስላቸዋል። ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን፤ ፊልሙ የትና ለማን እንደሚታይ ይግለጽ፤ አንድ ቅጂ ወላጅ ጋ ይቅር። ደብተርና የፈተና ወረቀት በቅርብ ሲያነሱም ስምና ውጤት እንዳይነበብ ይጠንቀቁ።