መልስ፦ የመጋዘን ሥራ ሰልችቶኛል፣ ልልቀቅ ወይ?
ወንድሜ፣ ድሬ መጋዘን ውስጥ ዕቃ መመዝገብ ሰልችቶህ «ልልቀቅ ወይስ ልቻለው?» ብለሃል። ለመወሰን ገና ነው። መጀመሪያ የሰለቸህ ሥራው በሙሉ ነው ወይስ ከፊሉ? ለሁለት ሳምንት ትንሽ ደብተር ኪስህ ያዝ። አንድ ሥራ በጨረስክ ቁጥር ሰዓቱን፣ የሠራኸውን፣ ምን ያህል እንደተመሰጥክበትም ከ1 እስከ 5 ጻፍ። እዚያው በቦታው ነው የሚጻፈው፤ ማታ ቤት ገብተህ ከሆነ ድካሙ የቀኑን ሁሉ ያጠቁረዋል።

ዝቅተኛው ቁጥር ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ከበዛ፣ ጥፋቱ የሥራው ሳይሆን የሙቀቱ ሊሆን ይችላል (በርጫ የሚጠብቅህ ከሆነማ ልብህ ቀድሞ ሄዷል!)። ቆጠራና ስሌት ከጠዋቱ 2 እስከ 5 ጨርስ፣ ፋይል ማስተካከሉን ለከሰዓት ተወው።

ጠዋትም ዝቅ ካለ ግን ሥራው ቀሎህ ሊሆን ይችላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ እንዳሳየው፣ ሰው የሚመሰጠው ፈተናው ከችሎታው ጋር ሲመጣጠን ነው፤ ከቀለለ ይሰለቻል፣ ከከበደ ይጨነቃል። ስለዚህ ራስህ አክብደው፦ በመዝገቡና በቆጠራው መካከል ልዩነት የሚደጋገመው የትኛው ዕቃ ላይ ነው? ልዩነቱ የሚፈጠረው በርክክብ ነው፣ በወጪ ወይስ በመለኪያ? በየሳምንቱ በኤክሴል አጣራ። አለቃህን ስታስፈቅድ «አሠራር እንቀይር» አትበል፣ ይደነግጣል። «አንድ ዕቃ፣ ለአንድ ወር ልሞክር» በለው።

የሚሰድብህ አለቃ ወይም የሚቆራረጥ ደመወዝ ከሆነ ያማረረህ፣ ደብተሩን ተወውና ሌላ ሥራ ፈልግ። ግን ሳታገኝ አትልቀቅ።